ለንደን የራሷ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ይኑራት? ክርክሩን በወጉ ለመከራከር

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል ነው። እኔ ደግሞ ሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም። እሱ የጃክሰንቪል ጃጓርስ የዓመት ትኬት ያለው ደጋፊ ነው። ወንበሩ የታወቀች ናት፤ ግራና ቀኙ የሚቀመጡትንም በስም ያውቃቸዋል። እኔ የከተማ አውቶቡስ ነው የምነዳው። የአሜሪካ ፉትቦልን የወደድኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ዌምብሌይ ገብቼ የመጀመሪያ ጨዋታዬን ያየሁ ቀን፣ ገና ከስታዲየሙ እንደወጣሁ ደወልኩለት። ደስታዬን ላካፍለው ነበር። ሁሉንም ጸጥ ብሎ ሰማኝና፣ "እህቴ፣ አንቺ ያየሽው እኮ የኔን ጨዋታ ነው" አለኝ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ጃጓርስ ከ2013 ጀምሮ፣ ወረርሽኙ ካቋረጠው ከ2020 በስተቀር፣ በየዓመቱ አንድ የሜዳውን ጨዋታ ለንደን እያመጣ ኖሯል። እኔ ጋ አንድ እሁድ ሲጨመር እሱ ጋ አንድ እሁድ ይቀነሳል። ከዚያ ቀን በኋላ እኔና እሱ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተከራከርን ቁጥሩን አላውቀውም። አውቶቡስ ማረፊያው ክፍል ውስጥም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እከራከራለሁ። ብዙ ሰው ክርክሩን ገና ሲጀምረው ያበላሸዋል። ስለዚህ እኔ የሚሠራልኝን መንገድ ልጻፍላችሁ። ዓመቱም ሰዓቱም በፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ጠይቁ

ሰው "የአሜሪካ ፉትቦል ብሪታንያ መምጣት አለበት?" ሲላችሁ ቶሎ አትመልሱ። ሦስት ጥያቄ ነው የተጠየቃችሁት። ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ዋናው ሊግ፣ በዓመት ጥቂት ጨዋታ ለንደን ላይ ያድርግ ወይ? ለንደን እዚሁ ተቀማጭ የሆነ የራሷ ቡድን ይኑራት ወይ? ጨዋታው ራሱ የዚህ አገር ልጆች የሚጫወቱት ስፖርት ይሁን ወይ? ለአንዱ "አዎ" ያለ ሰው ለሌላው "አይሆንም" ሊል ይችላል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለመጀመሪያው አዎ እላለሁ፤ ግን ጨዋታውን የሚያጣው ደጋፊ ሊታሰብለት ይገባል። ለሁለተኛው፣ በአሁኑ አካሄድ፣ አይሆንም። ለሦስተኛው በሙሉ ልቤ አዎ።

"የትኛውን ነው የምትለው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግማሹ ጠብ እዚያው ይበርዳል። አንዱ ስለ ጥቂት ጨዋታ ሲያወራ ሌላው ቡድን ሊነጠቅ ነው ብሎ እየጮኸ፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሲጣሉ አይቻለሁ።

ታሪኩን በኪሳችሁ ያዙ

ከአሜሪካኖቹ በኩል የሚመጣው የመጀመሪያ ክስ "እንግሊዞች ጨዋታውን አያውቁትም" የሚል ነው። ለዚህ መልስ አለው። ቻናል 4 ኤንኤፍኤልን ማሳየት የጀመረው በ1982 ነው። በ1986 ቺካጎ ቤርስና ዳላስ ካውቦይስ በአሮጌው ዌምብሌይ ተጫውተው ቤርስ 17 ለ 6 አሸንፏል። የወዳጅነት ጨዋታ ነበር፤ ግን የዚያን ዘመን ልጆች አሁን ሽበታቸው ወጥቶ ልጆቻቸውን ይዘው ስታዲየም ይመጣሉ። አውቶቡሴ ላይ በየዓመቱ አገኛቸዋለሁ።

ከዚያ ለንደን ሞናርክስ አለ። ይሄንን በደንብ እወቁት፤ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል። ኤንኤፍኤል የደገፈው ዓለም አቀፍ ሊግ በ1991 ሲጀመር ሞናርክስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ፍጻሜው ዌምብሌይ ላይ ነበር፤ ባርሴሎና ድራገንስን 21 ለ 0፣ ከ61 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት። "ለንደን ቡድን ብትይዝ ሕዝብ ይወጣል" የሚል ሰው ይሄን ይጥቀስ። ግን ቀጣዩን አይዝለል። ሊጉ ከሁለት ዓመት በኋላ ቆመ። በ1995 ሲመለስ ሞናርክስ ወደ ዋይት ሃርት ሌን ተዛወረ። ሜዳው ስለማይበቃ ከ100 ያርድ ይልቅ 93 ያርድ ላይ እንዲጫወቱ ልዩ ፈቃድ ተሰጣቸው። በ1998 ቡድኑ ከነጭራሹ ፈረሰ። ሊጉም በ2007 ተዘጋ።

ዛሬ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ቦታ ላይ፣ በ2019 የተከፈተው የቶተንሃም ስታዲየም ቆሟል። የእግር ኳሱ ሣር ሦስት ቦታ ተከፍሎ በደቡብ በኩል ካለው መቀመጫ ሥር ይገባል። ከሥሩ ለአሜሪካ ፉትቦል የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ ሜዳ ይወጣል። በ93 ያርድ ሜዳ ከተጫወቱበት ዘመን እዚህ መድረሱን ሳስብ ይገርመኛል። ቤቱ ተሠርቷል። የቀረው ቤቱ ውስጥ ማን ይኑር የሚለው ነው።

መደበኛ የውድድር ጨዋታ ለንደን ላይ የተጀመረው በኦክቶበር 2007 ነው፤ ጃያንትስ ዶልፊንስን 13 ለ 10፣ በዝናብና በጭቃ። በ2022 ግሪን ቤይ ፓከርስ ሲመጣ 32ቱም ቡድኖች ለንደንን ረገጡ ማለት ነው።

ወረቀትና እርሳስ አምጡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኔ ሥራ ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት ወጣሽ፣ ስንት ሰዓት ገባሽ፣ በመሃል ምን ያህል አረፍሽ። የፈረቃ ሠንጠረዥ ሳይዙ "ይቻላል" ወይም "አይቻልም" ማለት አይሆንልኝም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ ወንበር ስቤ ለለንደን ቡድን የውድድር ዘመን ሠንጠረዥ ሠራሁ። እናንተም ሞክሩት፤ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው።

18 መስመር አስምሩ። 17 ጨዋታ፣ አንድ የእረፍት ሳምንት። ከ17ቱ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ከሜዳ ውጭ ናቸው። ከለንደን ኒውዮርክ በአውሮፕላን ሰባት ስምንት ሰዓት ነው፤ የሰዓት ልዩነቱ 5። ሎስ አንጀለስ 11 ሰዓት ገደማ፤ ልዩነቱ 8። አንድ ሳምንት ለንደን፣ አንድ ሳምንት አሜሪካ እያላችሁ ብትሞሉት ተጫዋቾቹ ሕይወታቸው አውሮፕላን ላይ ያልቃል። ስለዚህ በጅምላ ማሰር ግድ ነው፤ ሦስት ጨዋታ እዚያ፣ ሦስት ጨዋታ እዚህ።

እሺ፣ አሰራችሁ። አሁን ቀጥሉ። ሊጉ በስምንት ምድብ የተከፈለ ነው፤ በየምድቡ አራት ቡድን። የምድብ ተጋጣሚዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ። እንግዲህ ሦስት የአሜሪካ ቡድኖች በየዓመቱ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ለንደን ይመጣሉ። ዛሬ ለንደን የሚመጣ ቡድን ብዙ ጊዜ በቀጣዩ ሳምንት እረፍት ይሰጠዋል። ለንደን ስምንት የሜዳ ጨዋታ ካላት ስምንት ቡድን እረፍት ሊጠይቅ ነው። ለሁሉም በአመቺ ጊዜ ማዳረስ አይቻልም። እኔ ስሞክር አራተኛው ላይ ተጣበቅኩ።

የሐሙስ ጨዋታ አለ። እሁድ የተጫወተ ቡድን በአራተኛው ቀን ሐሙስ ይጫወታል። ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ለንደን ሐሙስ መጫወት? ያንን ለአንድ ሾፌር ብሰጠው አለቃዬ ቢሮ ያስጠራኛል።

የቴሌቪዥኑም ነገር አለ። ለንደን በ2፡30 ከሰዓት በኋላ ሲጀመር ኒውዮርክ ጠዋት 9፡30 ነው፣ ሎስ አንጀለስ ገና ማለዳ 6፡30። የእሁድ ማታው ትልቁ ጨዋታ በኒውዮርክ 8፡20 ነው የሚጀምረው። ያ ለንደን ከሌሊቱ 1፡20 ነው። የለንደን ቡድን በሜዳው የማታ ጨዋታ አያስተናግድም ማለት ነው። (እግረ መንገዴን፣ ከዚህ ለምትከታተሉ ሰዎች፦ ብሪታንያ ሰዓቷን የምትቀይረው በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። አሜሪካ ግን ከሳምንት በኋላ። በዚያች አንዲት ሳምንት ልዩነቱ 4 ሰዓት ስለሚሆን፣ ሁሌ በ6 ሰዓት ምሽት የሚጀምረው በ5 ይጀምራል። እኔ አንድ ዓመት አምልጦኛል።)

የጉዳት ነገር ደግሞ አለ። አንድ ቡድን 53 ተጫዋች ነው የሚይዘው። እሁድ ሁለት ተከላካይ ቢጎዱ ማክሰኞ ከየትም ከተማ ሰው ተጠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ያኑ ዕለት ይፈርማል። ለንደን ላይ ይሄ ሰው ውቅያኖስ መሻገር አለበት፤ የሥራ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ለዚህ መፍትሔ ብለው ብዙዎች የሚያነሱት አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ካምፕ ማቋቋም ነው። ያኔ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ልምምዱ ፍሎሪዳ፣ የተጫዋቾቹ ልጆች ትምህርት ቤት ፍሎሪዳ፣ ጨዋታው ብቻ ለንደን የሆነ ቡድን የማን ቡድን ነው?

ግን ሚዛን እንጠብቅ። የሌላኛውም ወገን መልስ ባዶ አይደለም። ከቦስተን ለንደን ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቦስተን ሲያትል ደግሞ ስድስት። አሜሪካኖቹ እርስ በርሳቸውም ሩቅ ናቸው። ጃጓርስ በ2023 ሁለት ሳምንት በተከታታይ ለንደን ተቀምጦ ፋልከንስን 23 ለ 7፣ ቢልስን 25 ለ 20 አሸንፏል። ቢልስ ጠንካራ ቡድን ነበር። ስለዚህ "ሰውነት አይችለውም" የሚለውን በደፈናው አትቀበሉ። ሰውነት ይችላል። ሠንጠረዡ ነው የማይችለው።

ቡድኑ ከየት ይመጣል?

ለንደን ቡድን ይኑራት የሚል ሰው ይሄን ጥያቄ ሳይመልስ አይለፍ። ያለው መንገድ ሁለት ነው። ወይ ያለ ቡድን ይዛወራል፣ ወይ አዲስ ይፈጠራል። አዲስ ከተፈጠረ ስምንት በአራት የተደረደረው ሊግ ይፈርሳል፤ 33ኛ ቡድን የሚገባበት ቦታ የለም። ከተዛወረ ደግሞ የሆነ ከተማ ያለቅሳል። ሴንት ሉዊስ በ2016 ራምስን አጥታለች። ሳን ዲዬጎ በ2017 ቻርጀርስን። ኦክላንድ በ2020 ሬይደርስን። ሁሉም ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ ነው የሄዱት። ያም ሆኖ ቁስሉ አልዳነም።

ለረጅም ጊዜ ስሙ ሲነሳ የኖረው ጃጓርስ ነው። ባለቤቱ ሻሂድ ካን የለንደኑ ፉልሃም ክለብ ባለቤትም ነው። በ2018 ዌምብሌይን ራሱን ሊገዛ ጠይቆ በኋላ ጥያቄውን ስቧል። ያኔ የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ነበር የሚደውልልኝ። "እዚያ ምን ይወራል?" ይለኛል። በ2024 የጃክሰንቪል ከተማ ምክር ቤት 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጀውን የስታዲየም እድሳት ሲያጸድቅ ነው እፎይ ያለው።

እንግሊዛዊ ጓደኛችሁ "ምን ችግር አለው፣ አንድ ጨዋታ እኮ ነው" ካላችሁ 2008ን አስታውሱት። ፕሪሚየር ሊግ በየዓመቱ አንድ ተጨማሪ ዙር ከአገር ውጭ ለማድረግ ሐሳብ ሲያቀርብ የእንግሊዝ ደጋፊ አገር ይያዝልኝ አለ። "39ኛው ጨዋታ" የሚባለው ነው። ሐሳቡ ተቀበረ። ልብ በሉ፣ ያ ተጨማሪ ጨዋታ ነበር፤ ከማንም የሜዳ ጨዋታ አይቀንስም ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ከራሱ ላይ ነው የተቀነሰበት። ይሄን ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ጥሩ ወግ ይሆናል።

ግብር ላይ ብዙ አልቆይም። የእንግሊዝ ከፍተኛው የገቢ ግብር 45 በመቶ ነው። ፍሎሪዳና ቴክሳስ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የላቸውም። የደመወዝ ጣሪያው ደግሞ ለሁሉም ቡድን እኩል ነው። ተጫዋቹ ኪሱን ካየ የት እንደሚፈርም ግልጽ ነው።

ሄዳችሁ እዩ፣ ጆሯችሁን ከፍታችሁ

ጨዋታ ሳያዩ መከራከር አይሆንም። ለዌምብሌይ በጁብሊ ወይም በሜትሮፖሊታን መስመር ዌምብሌይ ፓርክ ውረዱ። ለቶተንሃም ዋይት ሃርት ሌን ጣቢያ ቅርቡ ነው፤ ሰልፍ ካስጠላችሁ ከሰቨን ሲስተርስ በእግር ድረሱ። አውቶቡስ ከመረጣችሁ በጨዋታ ቀን መንገድ እንደሚዘጋ አስቡበት። ይሄን ከኔ ስሙ።

ፓከርስ በመጣ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ሃይ ሮድ ላይ አንድ ፌርማታ ላይ በሩን ስከፍት፣ የቺዝ ቅርጽ ያለው ቢጫ ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ቀጥሎ የዳላስ ማሊያ። ቀጥሎ የማያሚ። ከዚያ የሲያትል፣ የፒትስበርግ፣ የሴት ልጁን እጅ የያዘ የኒው ኢንግላንድ። ጨዋታው የጃያንትስና የፓከርስ ነው! ከአንድ ፌርማታ 11 ዓይነት ማሊያ ቆጠርኩ። ለንደን ላይ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ቡድን ለብሶ ይመጣል።

ሁለቱም ተከራካሪ ይሄን ይጠቅሰዋል። አንዱ "ይኸው፣ ፍቅሩ አለ" ይላል። ሌላው "ይኸው፣ ሁሉም ቡድን አለው፤ የለንደንን ማን ይደግፋል?" ይላል። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። የአክስቴን ልጅ ጃጓርስህን ተው ብትሉት ይተዋል? ሠላሳ ዓመት ቤርስን የደገፈ የክሮይደን ሰውም አይተውም።

ስታዲየም ውስጥ ደግሞ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ጆሯችሁን ጣሉ። የማጥቃት ተራ ያለው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ ሦስተኛው ላይ ነገሩ ይወጠራል። አሜሪካ ውስጥ እንግዳው ቡድን ሲያጠቃ ደጋፊው ጆሮ እስኪደነቁር ይጮኻል፣ ኳርተርባኩ፣ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ትእዛዙን ማሰማት እንዳይችል። የራሳቸው ቡድን ሲያጠቃ ግን ጭጭ ይላሉ። ጸጥታው ራሱ ድጋፍ ነው። ለንደን ላይ ለሁለቱም ይጮኻል። ሲያምር! ግን ባለሜዳ የሚባል ነገር የለም።

የሦስተኛውን ጥያቄ አትርሱ

ክርክሩ ሁሌ ስለ ኤንኤፍኤል ሆኖ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚሁ ያለው ነው። ኤፌ ኦባዳ የሚባል ልጅ አለ። ናይጄሪያ ተወልዶ ለንደን ያደገ ነው። ለንደን ዋሪየርስ በሚባለው የአካባቢ ክለብ ጨዋታውን ጀምሮ ካሮላይና ፓንተርስ ድረስ ደረሰ። ስሙን ስትሰሙ የምትደሰቱበት ሌላም አለ፤ ምኒልክ ዋትሰን። ማንቸስተር የተወለደ ሲሆን በ2013 በሊጉ ዓመታዊ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሬይደርስ በሁለተኛው ዙር መርጦታል። ሎፍቦሮ ውስጥም ኤንኤፍኤል ያቋቋመው የወጣቶች አካዳሚ አለ። በ2028 ደግሞ ፍላግ ፉትቦል፣ ያለ ግጭት የሚጫወቱት ዓይነት፣ በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይገባል።

ስለዚህ ለክርክሩ መዘጋጀት ከፈለጋችሁ አንድ እሁድ የአካባቢ ክለብ ጨዋታ ሂዱ። መግቢያው ወይ ነጻ ነው ወይ ጥቂት ፓውንድ። ተጫዋቾቹ ትጥቃቸውን በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚገዙት። ብዙዎቹ ሰኞ ሥራ ይገባሉ። እኔ ከመሥመሩ ዳር ቆሜ የራስ ቁር ከራስ ቁር ሲጋጭ የሰማሁት እዚያ ነው፤ ዌምብሌይ ላይ ያ ድምፅ አይሰማም። ለንደን ቡድን ከመጠየቋ በፊት እነዚህ ልጆች መብራት ያለው ሜዳ ቢያገኙ እመርጣለሁ። ከማንም ከተማ የሚወሰድ ነገር የለውም።

የአክስቴ ልጅ ዌምብሌይ ላይ

በኦክቶበር 2023 የአክስቴ ልጅ እኔ ጋ መጣ። ጃጓርስ ከፋልከንስ። በሠንጠረዡ ላይ የእሱ የሜዳ ጨዋታ ነበር። ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን ግራና ቀኙን አየ። በግራው የቺካጎ ማሊያ፣ በቀኙ የግሪን ቤይ። የሚያውቀው ሰው የለም።

ጃጓርስ ሲያጠቃ ሕዝቡ ይጮኻል። የአክስቴ ልጅ ተነሳ። ሁለት መዳፉን ወደ ታች እያደረገ፣ "ዝም በሉ እንጂ፣ ሎረንስ እያወራ ነው!" ይላል። ሎረንስ የጃጓርስ ኳርተርባክ ነው። ሰዎቹ አዩት። አንዳንዶቹ ሳቁ። በሚቀጥለው ሦስተኛ ሙከራ ደግሞ ተነሳ። ደግሞ መዳፉን አወረደ። የቺካጎ ማሊያ የለበሰው ልጅ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቀው። ቁጭ ብሎ አስረዳው፤ ኳርተርባክ፣ ትእዛዝ፣ ጸጥታ። ልጁ ዞሮ ከኋላው ላሉት ነገራቸው።

ከእረፍት በኋላ ጃጓርስ ኳሱን ሲይዝ፣ እኛ ያለንበት ሦስት ረድፍ ጭጭ አለ። ሌላው ስታዲየም በሙሉ እየጮኸ ነው። የአክስቴ ልጅ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው።